ገለባን ቆሻሻ ያለው ማነው?

ሰሞኑን በአንድ የኢነርጂ ውይይት ላይ አንድ ባለሙያ «ማሳ ላይ የሚቀረው ገለባና አገዳ እኮ ቆሻሻ ነው፤ ነዳጅ ብናደርገው ማንም አይጎዳም» ሲል ሰማሁ። ጭብጨባው ቀለጠ። የእኔ ግን ደሜ ፈላ።

ቆሻሻ? ለማን? ያ ገለባ የአፈር ቀለብ ነው። ናይትሮጂን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም አለው። ሲበሰብስ አፈሩን ያለሰልሳል፣ ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል። ሳይበሰብስም መሬቱን ሸፍኖ ከጎርፍና ከነፋስ ይጠብቃል። ጠራርገን ከወሰድነው አፈሩ ባዶውን ይቀራል። ጉድለቱን ማን ሊሞላው ነው? በከረጢት የሚመጣ ማዳበሪያ። የናይትሮጂን ማዳበሪያ ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። በፊት ለፊት ያባረርነውን የከርሰ ምድር ነዳጅ በጓሮ በር መልሰን አስገባነው ማለት ነው!

«ዑደታዊ ባዮኢኮኖሚ» ሲባል፣ ማለትም ከዕፅዋትና ከእንስሳት የሚገኘውን ሳያባክኑ ደጋግሞ መጠቀም ሲባል፣ ደስ ይለኛል። ግን ዑደት የሚባለው ከመሬት የወጣው ወደ መሬት ሲመለስ ነው። ገለባ ቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ምድጃ) ውስጥ ሲነድ ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። የሚተርፈው አመድ ነው፤ እሱንስ ማሳ ድረስ ወስዶ የሚበትነው ስንቱ ነው? ባዮጋዝ ግን ሌላ ነገር ነው። አየር በማይገባበት ማብላያ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ከገለባው ካርቦን ሚቴን የሚባል የሚነድ ጋዝ ይሠራሉ። ናይትሮጂኑና ፎስፎረሱ ግን ስለሪ በሚሉት ዝቃጭ ውስጥ ይቀራሉ። ዝቃጩ ማሳ ላይ ይደፋል። እኛም ጋዙን አገኘን፣ አፈሩም ቀለቡን አላጣም።

አሜሪካን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሕግ በ2022 ከአገዳ፣ ከገለባ፣ ከእንጨትና ከመሳሰሉት 16 ቢሊዮን ጋሎን ነዳጅ በዓመት ይቀርባል ብሎ ነበር። አጠገቡም አልተደረሰም። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ የኬሚካል ኩባንያ በ2015 አዮዋ በተባለው ግዛት ውስጥ ከበቆሎ አገዳ ኢታኖል (ለነዳጅ የሚውል አልኮል) የሚሠራ ግዙፍ ፋብሪካ ከፈተ። በ2017 ዘጋው። ፋብሪካውን የገዛው የጀርመኑ ኩባንያ ቨርቢዮ ምን ሠራበት? ከዚያው አገዳ ባዮጋዝ ማምረት ጀመረ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አውሮፕላንስ በምን ይብረር ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ለአውሮፕላን ፈሳሽ ነዳጅ ያስፈልጋል። ያገለገለ የምግብ ዘይት እየተጣራ ለዚሁ ይውላል፤ እንደማይበቃም አውቃለሁ። ግን አለመብቃቱ የማሳውን ልብስ ለመግፈፍ ፈቃድ አይሆንም።

የገለባ ነዳጅ ፕሮጀክት ይዞ የሚመጣ ሁሉ ስንት ሊትር እንደሚያወጣ ከመተንተኑ በፊት ለአፈሩ ምን እንደሚመልስ ይንገረን። መልስ ከሌለው ገለባውን እዚያው ይተወው።