«እሷማ ቤት ነው ያለችው»

ትናንት ማታ ያያችሁ ስለየትኛው ትዕይንት እንደማወራ ታውቃላችሁ። ያላያችሁም ብዙ አላመለጣችሁም፤ በሌላ ድራማ፣ በሌላ ባል፣ በሌላ ሶፋ ላይ ደጋግማችሁ አይታችሁታል።

እንግዶቹ ለቅዳሜ ምሳ ገብተዋል፤ አለቃውና ሁለት የቢሮ ጓደኞቹ። ገበታው ቀርቧል። ሚስት ማስታጠቢያዋን ይዛ፣ ፎጣውን ክንዷ ላይ ጥላ፣ ከአለቃው ጀምራ እያስታጠበች ባሏ ጋ ደረሰች። አለቃው ለጨዋታ ያህል «ባለቤትህ የት ነው የምትሰራው?» ብሎ ጠየቀ። ልብ በሉ፤ ሴትዮዋ አጠገባቸው ቆማለች፣ ጥያቄው ግን የቀረበው ለእሱ ነው። እሱም እጁን ከውሃው ስር ሳያወጣ፣ «እሷማ ምንም አትሰራም፣ ቤት ነው ያለችው» አለ።

እጁን እያስታጠበችው እኮ ነው! ውሃው እላዩ ላይ እየፈሰሰ! አለቃው ደግሞ «ታድላ፣ እረፍት ላይ ናታ» አለና ሁሉም ሳቁ። እሷም አብራቸው ፈገግ አለች። ከንግግሩ ይበልጥ ያቃጠለችኝ ያቺ ፈገግታ ናት።

ከዚያ እንደተለመደው ካሜራው ፊቷ ላይ ተጠጋ፣ ዋሽንቱ ጀመረ፣ እንባዋ አቀረረ። እኔ ግን ካሜራው ዝቅ ብሎ ገበታውን እንዲያይ ነበር የፈለግኩት። ለሰውዬው የሚሆነው መልስ በሙሉ እዚያ ላይ ተዘርግቶ ነበራ!

እንጀራውን እንይ። ቅዳሜ ምሳ ለቀረበ እንጀራ ስራው የተጀመረው ረቡዕ ነው። ዱቄቱ ተነፍቶ፣ በውሃና በእርሾ ተቦክቶ፣ ተከድኖ ሁለት ሶስት ቀን ይቀመጣል። በብርድ ይዘገያል፣ በሙቀት ይቸኩላል። ቀድሞ ከተጋገረ አፍለኛ ይሆናል፣ ካለፈበት ይኮመጥጣል። መድረሱን የሚናገር ሰዓት የለም፤ ክዳኑን ከፍቶ፣ አሽትቶ፣ ከላይ የጠለለውን ውሃ አይቶ የሚያውቅ ሰው ነው ያለው። ውሃው ይደፋል። ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ እየተማሰለ ይበስልና አብሲቱ ይጣላል። አብሲቱ ካነሰ እንጀራው አይን አያወጣም፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ከበዛ ይጣበቃል። ከዚያ ደግሞ ሊጡ ኩፍ እስኪል መጠበቅ ነው፤ ዘወር ብለው ከረሱት ተመልሶ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ገና ምጣዱ ሳይጣድ ነው።

ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል። ሊጡ ከዳር ወደ መሀል እየተዞረ ይፈስሳል፤ እጅ ከሳተ አንዱ ወገን ይወፍራል፣ ሌላው ይሳሳል። ምጣዱ ከበረደ እንጀራው ሙጭጭ ይላል፣ ከጋለ ከስር ያራል። አይኑ ወጣ ሲል አክንባሎው ይደፋል፣ ሲከፈት እንፋሎቱ ፊት ላይ ይመጣል፣ በሰፌድ ይወጣል፣ እንደገና ይታሰሳል። አንዱ ሶስት ደቂቃ ቢፈጅ 25 እንጀራ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሞ መዋል ነው፤ ያውም መብራት መሀል ላይ ካልጠፋ። መብራት ሄደ ተብሎ ሊጡ መቡካቱን አያቆምም። ትኩስ በትኩስ ላይ ከተደረበ ደግሞ ይጣበቃል፣ አልቦት ቶሎ ይሻግታል፤ እየቀዘቀዘ አንድ በአንድ ነው ሌማት የሚገባው። ሰውዬው አንዷን ጥቅልል አንስቶ ቦጨቅ አደረጋት። የረቡዕ፣ የሐሙስና የዓርብ ስራ ነው የቦጨቀው።

ዶሮ ወጡ ላይ ስደርስ ደሜ ይፈላል። ዶሮዋ በፈላ ውሃ ተነክራ ትነጫለች፣ በእሳት ትለበለባለች፣ በ12 ብልት ትገነጠላለች፣ ከዚያ ውሃው ኩልል እስኪል ድረስ በሎሚና በጨው ደጋግማ ትታጠባለች። አንድ እጥበት የቀረ እንደሆነ ጠረኑ ወጡን ሁሉ ያበላሻል። ለአንዲት ዶሮ ሁለት ሶስት ኪሎ ሽንኩርት ተልጦ ይደቃል፤ ዘይት ሳይነካው በራሱ ውሃ ይቁላላል። እዚህ ላይ ከድስቱ ፈቀቅ ማለት የለም። ልጅ አለቀሰ፣ በር ተንኳኳ ብለው ዞር ያሉ እንደሆነ ከስር ይይዛል። የያዘ ሽንኩርት ደግሞ በርበሬ ቢከምሩበት የእርሩ ሽታ አይለቅም፤ ደፍቶ እንደገና ሽንኩርት መላጥ ነው። ከዚያ ዘይቱ፣ ከዚያ በርበሬው፣ ጠብ ጠብ እየተደረገ ውሃው፣ ቁሌቱ ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው ድረስ። ከዚያ ቅቤው፣ ብልቶቹ፣ ተቀቅሎ የተላጠው እንቁላል፣ በመጨረሻም መከለሻው። አራት አምስት ሰዓት ነው። በርበሬው ራሱ ተቀንጥሶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ተደልሖ፣ እንደገና ደርቆ፣ ከቅመሙ ጋር ተፈጭቶ ለመድረስ የወሰደውን ጊዜ አልቆጠርኩም።

ይህን ሁሉ ከፊቱ አስቀምጦ፣ አንዴ ጎረሰና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጨው አልበዛም?» አለ። በእንግዳ ፊት!

እሺ፣ ስለ ጨው እናውራ። ይዣቸው እመጣለሁ ያለው ሰባት ሰዓት ነበር፤ በሩን የከፈቱት ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። ድራማው ራሱ ሰዓቱን አሳይቶናል። ቀዝቃዛ ወጥ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ስለዚህ ሴትዮዋ ድስቱን እያወጣች መልሳ ስትጥድ ነው የቆየችው። ደጋግሞ የሞቀ ወጥ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። በልክ የተጨመረ ጨው ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚጎላው ለዚህ ነው። እና ጨው በዝቶ ከሆነ፣ ያበዛው ማን ነው? አንድ መስመር! «ሰዓታችሁን ጠብቃችሁ ብትመጡ ጨዉ ልክ ነበር» የምትል አንዲት መስመር ለዚህች ሴት መስጠት ይህን ያህል ይከብዳል?

መስመሩን ያልሰጧት ግን ስራውን ስለማያውቁት ይመስለኛል። የድራማ ኩሽና አይታችኋል? ምድጃው ላይ እሳት የለም። መሬቱ ላይ አንድ የሽንኩርት ልጣጭ የለም። ሴትዮዋ አንዲት ሽንኩርት ይዛ በአራት ቆርጣ «ምሳ ደርሷል» ትላለች። እንዲህ ያለ ኩሽና ስናይ ከርመን ባልየው «ምን ሰራሽ?» ሲል እኛም በውስጣችን መልስ እናጣለን። ስድቡን ያሳዩናል፣ የተሰደበውን ስራ ግን አንድ ቀን አሳይተውን አያውቁም።

ባለፈው ደግሞ በሌላኛው ድራማ ላይ፣ ባልየው ሳህኑን ከነወጡ ግድግዳ ላይ ወረወረው። ዘይትና በርበሬ ከግድግዳ ቀለም ላይ እንዴት እንደሚለቅ የሚያውቅ ሰው ያቺን ቀይ ወራጅ ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ወፍራሙ በደረቅ ጨርቅ ይነሳል፤ በእርጥብ ከተጀመረ ይሰራጫል። ከዚያ በሳሙና ውሃ ይታሻል፣ እንደገና ይታሻል፣ ያም ሆኖ ብርቱካናማ ጥላው ይቀራል። ድራማው ላይ ግን «በማግስቱ» ሲሆን ግድግዳው ነጭ ሆኖ አደረ። ማን አጸዳው? ቀረጻው ላይስ ቢሆን፣ ትዕይንቱ በተደገመ ቁጥር ሌላ ሳህን መሞላት፣ ግድግዳውም መጽዳት አለበት፤ አለዚያ አንዱ ምስል ከሌላው ጋር አይገጥምም። ከካሜራውም ጀርባ ያበሰለና የጠረገ ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰውም አይታይም።

የቤት ሰራተኛዋን ነገርማ ተዉኝ። በየድራማው ማሳቂያ ናት፤ አነጋገሯ መሳቂያ፣ አካሄዷ መሳቂያ። ሚስትን «ስራ የለሽም» ብለው ካዋረዱ በኋላ ያንኑ ስራ በደመወዝ የምትሰራውን ደግሞ ይስቁባታል። እውነቱን ለመናገር ድራማው ብቻ አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን፣ ማለትም እንደ እሷ ያለውን የቤት ውስጥ ቅጥር፣ ከአዋጁ ውጭ አድርጎ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ ነው ያለፋት።

ሕግ ካነሳን ይነሳ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ባል ነበር፤ ሚስት ትታዘዘዋለች ተብሎ ተጽፎ ነበር። ባል ሰራተኛ ለመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ስራ ራሷ የመስራት ግዴታ አለባት የሚልም አንቀጽ ነበረው፤ አንቀጽ 646። ያ ሕግ እንኳ የቤት ስራ ስራ መሆኑን፣ እሷ ባትሰራው ገንዘብ ተከፍሎበት ሌላ ሰው እንደሚሰራው ያውቅ ነበር! አሁን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሰራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል ናቸው ይላል። በጋብቻ ውስጥ በማንኛቸውም ጥረት የተገኘ ገቢ የጋራ ነው፤ ሲፋቱም የጋራው ንብረት በመርሕ ደረጃ እኩል ይካፈላል። ያ በአለቃው ፊት የሚኩራራበት ደመወዝ ግማሹ የእሷ ነው። ይህን የሚያነሳ ጠበቃም፣ ሽማግሌም፣ ጎረቤትም በድራማው ውስጥ አላየሁም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የሚሉት ያው ነው፤ «ቻይው ልጄ፣ ትዳር እንዲህ ነው»።

አሁን ደግሞ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ታለቅሳለች። ጓደኛዋ ትመክራታለች። ከዚያ ባልትና ትከፍታለች፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ መከለሻ። ይሳካላታል፣ መኪና ትገዛለች፣ ባልየው ደንግጦ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እኛም እናጨበጭባለን። እኔን ከትናንቱ ስድብ ይልቅ የሚያመኝ ይህ መጨረሻ ነው። ቀድሞውንም ኩሽናዋ ውስጥ የነበረው በርበሬ እኮ ነው! ያው ቅንጠሳ፣ ያው ድልህ፣ ያው ቅመም። ተመዝኖ በላስቲክ ሲታሸግ ስራ ሆነ፣ ድስት ውስጥ ሲገባ «ምንም» ነበር። የሀገር ውስጥ ምርት ሲሰላም እንደዚሁ ነው፤ ሱቅ የተሸጠ እንጀራ ይቆጠራል፣ ቤት ተጋግሮ ቤት የተበላ ግን የጋጋሪዋ ድካም አይቆጠርም። ደራሲው ሚስቲቱን ነጻ ያወጣት ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ባልየው ትክክል ነበር ማለት ነው። ገንዘብ ስላመጣች ተከበረች፤ እስከዚያ ድረስ የሰራችው ሁሉ «እሷማ ምንም አትሰራም» እንደተባለ ቀረ። እቤቷ የቀረችዋ፣ ባልትና መክፈት የማትፈልገዋ ወይም የማትችለዋ፣ ሕፃን የያዘችዋ፣ አማቷን አልጋ ላይ የምታገላብጠዋ፣ ይህን እያየች ምን ትበል?

ደክሞኛል። ግን የሚቀጥለውን ክፍል ቅንጫቢ አይታችኋል አይደል? ጠዋት ነው፣ ሰውዬው ደረቱን ገልጦ መኝታ ቤት መሀል ቆሞ «ሸሚዜ የታለ?» ብሎ ይጮኻል። ነጩን ሸሚዝ ነው የሚፈልገው። ነጩ ሸሚዝ ከባለ ቀለሙ ተለይቶ ማታ ተዘፍዝፏል። አንገትጌውና የእጅጌው ጫፍ ላቡ ስለሚይዝ ለብቻ በሳሙና ታሽቷል። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ሶስት ጊዜ የተለቃለቀው ከሰሞኑ ከተጠራቀመው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እየተቀዳ ነው። ተገልብጦ ተሰጥቷል፣ ፀሐይ እንዳያወይበው። እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ሳይለቀው ተተኩሷል፤ መጀመሪያ አንገትጌው፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እጅጌዎቹ፣ መጨረሻ ደረትና ጀርባው። ከኋላው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የላይኛው ቁልፍ ተቆልፎ ተሰቅሏል። ዞር ቢል ያየዋል።