ከክፍያ ሌላ ዜና የላችሁም?

ዛሬ ብሶቴን ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። 7ኛና 8ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ወላጆች ትረዱኛላችሁ።

ልጄ የምትማረው ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ብዙም በማይርቅ የግል ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ አለው። የሳምንቱ መረጃ የሚለቀቀው እዚያ ላይ ነው። መቼ? እሁድ ማታ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ!

"ተማሪዎች ነገ ካርቶን፣ ኮላና ባለቀለም ወረቀት ይዘው እንዲመጡ።" በዚያ ሰዓት ኮላ ከየት ይመጣል? የሰፈሩ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ከዘጋ ቆይቷል። ጠዋትም ሳይከፍት ነው ልጆቹ ሰልፍ የሚገቡት። እኔ ደግሞ ታክሲ ለማግኘት ጎህ ሳይቀድ መውጣት አለብኝ። ከዚህ ሰፈር ተነስቶ ሳሪስ በሰዓቱ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ የሚመላለስበት ያውቀዋል። ዕቃውን ያልያዘ ልጅ ማርክ ይቀነስበታል። ልጅቷ ምን አጠፋች?

ስማርት ስልክ የሌለውስ? ጎረቤቴ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ እናት ናቸው። ስልካቸው ለመደወል ብቻ ነው የሚሆነው። ድሮ ኮሙኒኬሽን ቡክ ነበር። መምህሩ ይጽፋል፣ እኛ ፈርመን እንመልሳለን። እሳቸውም ልጁን "እስቲ አንብብልኝ" ብለው ይፈርሙ ነበር። ቴሌግራም መጣ ተብሎ እሱ ቀረ። አሁን ማስታወቂያውን እየዞርኩ የምነግራቸው እኔ ነኝ።

በጣም ያንገበገበኝ ግን የክትባቱ ነገር ነው። የኤችፒቪ ክትባት ከማህፀን በር ካንሰር ይከላከላል። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤቶች በኩል ለልጃገረዶች ሲሰጥ ቆይቷል። ትልቅ ነገር ነው። ማስታወቂያው ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ "ነገ ክትባት ስላለ ሴት ተማሪዎች እንዳይቀሩ።" የምን ክትባት? ለምን ለሴቶች ብቻ? መልስ የለም። ግሩፑ ሌሊቱን ሲታመስ አደረ። "መካን ያደርጋል" የሚል ሁሉ ተነሳ። ፍጹም ውሸት ነው! ግን ማን ያስረዳ? የፈሩ እናቶች በማግሥቱ ልጆቻቸውን ቤት አስቀሩ። ከሳምንት በፊት ተነግሮ ቢሆን፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያ መጥቶ ለወላጅ ትንሽ ቢያስረዳ፣ እነዚያ ልጆች ይከተቡ ነበር። ይህ የኮላ ጉዳይ አይደለም፤ የልጅ ሕይወት ነው።

ለክፍያ ሲሆን ግን አይዘገይም። "የወሩ ክፍያ ቀን እየተቃረበ ነው።" "ያልከፈላችሁ በቅጣት ትከፍላላችሁ።" "የባንክ ደረሰኝ ይላክ።" አስቀድሞ፣ ደጋግሞ፣ በደማቅ ፊደል። ይከፈል፣ ግድ የለም፤ መምህራኑም ደመወዝ ይፈልጋሉ። ግን ልጄ እዚያ ግቢ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ስትኖር ከክፍያ ሌላ የሚነገር ነገር የለም?

አለ እንጂ! ሚኒ ሚዲያ ክበብ ዓርብ ዓርብ በእረፍት ሰዓት በስፒከር የሳምንቱን ዜና ያሰማል። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ። አዘጋጆቹም አንባቢዎቹም ልጆቹ ናቸው፤ የኔዋም አንዷ ናት። በቀደም የጻፈችውን አስፈቅጄ አነበብኩት። 7ኛ "ለ" 8ኛ "ሀ"ን በእግር ኳስ 2 ለ 1 አሸንፏል። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የተከላቸው ችግኞች እየደረቁ ስለሆነ ውሃ የሚያጠጣ ተረኛ ይፈለጋል። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሳችሁ መልሱ። የሂሳብ መምህራችን እናታቸው ስላረፉ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ለቅሶ ደርሰዋል።

እዚህ ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ልጄ ለቅሶ ደርሳ መጥታለች፣ እኔ አልሰማሁም! መምህሩን በዚያው ሰሞን አግኝቻቸው ስለ ውጤቷ ብዙ አውርተናል። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" የሚላቸው ወላጅ አልነበረም፤ ማን ነግሮን? ብንሰማ ተሰባስበን እንሄድ ነበር። ልጆቹ ያወቁትን ወግ ትምህርት ቤቱ እንዴት ይዘነጋዋል?

"ልጅሽን አትጠይቂያትም ወይ?" የሚለኝ አይጠፋም። እጠይቃታለሁ። የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ ያለው ሰው መልሱን ያውቃል። "እንዴት ዋልሽ?" "ደህና።" ከዚያ በሩን ዘግታ መኝታ ቤቷ ትገባለች። ዕድሜው ነው፣ አልፈርድባትም። 1ኛ ክፍል እያለች ሁሉንም ሳልጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ወላጅ ከትምህርት ቤት ወሬ የሚፈልገው ልጅ ዝም ማለት ሲጀምር ነው። በዚያ ላይ 8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና አለባቸው። የሞዴል ፈተናውን ቀን እንኳ የሰማሁት ታክሲ ተራ ላይ ከሌላ ወላጅ ነው።

የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። የሳምንቱ መረጃ ዓርብ ከሰዓት ይውጣ፤ ቅዳሜ ገበያ ወጥተን የጎደለውን እንገዛለን። ስማርት ስልክ ለሌለው ወላጅ በወረቀት ታትሞ በልጁ እጅ ይላክ። ጤናን የሚመለከት ነገር ከበቂ ማብራሪያ ጋር አስቀድሞ ይነገር። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ያነበቡት ዜናም ፎቶ ተነስቶ ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። ልጆቹ ጽፈው ጨርሰውታል፤ የቀረው መላክ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ይህንኑ አነሳለሁ። ልጆቻችሁን እዚያው የምታስተምሩ ወላጆች፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አብረን እንግባ። ብቻዬን ሳነሳው "እናየዋለን" ተብሎ ነው የሚታለፈው።