የግል ጉብኝት፣ ለስድስት ሰው

እንግዳው ከአዲስ አበባ ይደውላል። "ብዙ አትጨነቁ፤ ማታ ላይ ጅማን ዞር ዞር ብዬ ማየት፣ የአገሩን መጠጥ ቀመስ ቀመስ ማድረግ ነው የምፈልገው። ግን የግል ይሁን፣ ሰው አይብዛ" ይላል። ከዚህ ሁሉ ንግግር ጅማ ላይ የሚሳካለት "ማታ ላይ" ያለው ብቻ ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ እሱ አብዝቶ ይሳካል።

መነሻው 11 ሰዓት ይሁን። ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ስለምትጠልቅ ጅሬን ወጥቶ ከተማውን ከላይ ለማየት የሚተርፈው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ለዚህ ባጃጅ በኮንትራት ይያዛል። ኮንትራት ማለት መንገድ ላይ ሌላ ተሳፋሪ አይጫንም ማለት ነው። ባለባጃጁ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ የማያውቀው አስጎብኚው ነው።

ምክንያቱም ጅማ ውስጥ ሰላምታ "ደህና ነህ" ብሎ አያበቃም። በአማርኛ ይጀመራል፣ "አካም ጅርቱ" ተብሎ በኦሮምኛ ይታደሳል፣ ቤተሰብ አንድ በአንድ ይጠየቃል፣ መጨረሻ ላይ "ወዴት ነው?" ይመጣል። "ወደ ጅሬን" ብሎ ዝም ማለት ነውር ነው፤ "ና አብረን እንሂድ" ማለት ግድ ነው። በድሮው ሥርዓት የተጋበዘው ሰው ሦስት ጊዜ እምቢ ይልና ይቀራል። የዛሬው ሰው አንድ ጊዜ "አይ፣ አላስቸግራችሁ" ይላል፤ አላስቸግራችሁ የሚለውን ሲጨርስ አንድ እግሩ ባጃጁ ውስጥ ነው። ከመነሻው እስከ ዋናው መንገድ ቢያንስ ሁለት እንዲህ ያለ ሰው ስለማይጠፋ ለሰላምታ ብቻ 20 ደቂቃ መያዝ አለበት። ይህን ሳያስብ የወጣ አስጎብኚ ጅሬን የሚደርሰው ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ ነው።

ባጃጅ ከኋላ የሚይዘው ሦስት ሰው ነው። ጅሬን ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መጨረሻው ላይ ዳገት ነው። ከባለባጃጁ ጋር አምስት ሰው የጫነች ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ዳገቱ ወገብ ላይ ድምፅዋን ትቀይራለች። ባለባጃጁም አንገቱን ሳያዞር "ሁለት ሰው ወረድ ይበል" ይላል። የሚወርደው ሁልጊዜ እንግዳው ነው፤ ሌሎቹ ለመውረድ እየተጋበዙ ገና አልተስማሙም። ዝናብ ከመጣ ደግሞ፣ ጅማ ላይ ክረምት ካልሆነ አይዘንብም ብሎ ጃንጥላ ሳይዝ የሚመጣ የሸገር ሰው ብቻ ነው፣ የባጃጁ ላስቲክ ስለማይዘጋ ዳር የተቀመጠው በእጁ ይዞት ይጓዛል። ዳር የተቀመጠውም እንግዳው ነው። "ከዚህ ጥሩ ይታይሃል" ተብሎ ነው ዳር የተሰጠው።

ጅሬን ላይ ያለው የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳውና ሰገነቱ በእንጨት የተዋበ ነው። ውስጡን ማየት የፈለገ በቀን ይምጣ፤ በማታ ጉብኝት የሚታየው ውጭው ነው። አስጎብኚው እዚህ ጋ ብዙ ማውራት የለበትም፣ ያወራል እንጂ። ከሚያወራው ውስጥ ለዚች ምሽት የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲነግሡ ለምኒልክ በጊዜ ግብር ገብተው አገራቸውን ከጦርነት አድነዋል፤ የውስጥ አስተዳደሩም በእጃቸው ቆይቷል። የጅማ ሰው ክፍያን እንደ ቀላል ነገር የማያየው ከዚያ ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም። ማታ ሒሳብ ሲመጣ እንመለስበታለን።

ከጅሬን ሲወረድ ፈረንጅ አራዳ ይዞራል። ጣሊያን እዚህ የቆየው ከ1936 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) አምስት ዓመት ነው፤ በአስጎብኚው አፍ ግን ግድግዳው የወፈረ ሁሉ የጣሊያን ነው። ጣሪያው ዝገት ከያዘም የጣሊያን ነው። ከጃንሆይ ዘመን የተሠራውም፣ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ "አባቴ ነው የሠራው" እያለ፣ የጣሊያን ነው። እንግዳው ፎቶ ያነሳል። ሙዚየሙም፣ የአዌቱ ወንዝ ዳርም በዚሁ ፍጥነት ይታለፋሉ፤ ሁሉም የቸኮለው ወደ ቅምሻው ነው።

ስለ ቅምሻ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ቅምሻ የሚባል መለኪያ አለመኖሩ ነው። "ትንሽ ብቻ" የሚለው ቃል በቀጂዋ ጆሮ "ይሉኝታ ይዞኛል" ተብሎ ይተረጎማል። ለይሉኝታ ደግሞ መድኃኒቱ እስከ አፍ መሙላት ነው። ስለዚህ አራት ዓይነት መጠጥ ለመቅመስ የሚወጣ ሰው አራት ዓይነት መጠጥ ጠጥቶ ለመመለስ ይዘጋጅ። ባዶ ሆድ መውጣት ክልክል ነው፤ ቅደም ተከተሉም ከጣፋጩ ወደ ብርቱው፣ መዝጊያው ቡና መሆን አለበት።

መጀመሪያ ቀሪቦ። ጅማ ብዙ ሙስሊም የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች አልኮል ለማይጠጣው ሁሉ የሰርጉም የበዓሉም መጠጥ ይኸው ነው። ገብሱ ተለቅሞ ምጣድ ላይ ይቆላል፤ ወርቃማ ሲሆን የሚያወጣው ሰው ቡናማ ውሃ ይጠጣል፣ ሊጠቁር ሲል የሚያወጣው ቀሪቦ ይጠጣል፣ ስልክ ሲያወራ የረሳው ደግሞ ከሰል ይጠጣል። የተቆላው ገብስ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ስኳርና እርሾ ይገባበትና ጀሪካን ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሌላ ስኳር ተጨምሮ ይቀርባል። ጥፋቱ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ የቸኮለች ባለሙያ ውሃው ሳይበርድ እርሾውን ትጨምራለች፤ እርሾው ይሞታል፣ አረፋ የሌለው የገብስ ሻይ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጀሪካኑ ሌሊት እንደ እርጉዝ ይነፋል፣ ጠዋት የከፈተውን ሰው ከራሱ እስከ ግድግዳው ያጠምቃል። ሁለት ሦስት ቀን የቆየ ቀሪቦ ደግሞ መኮምጠጥ ብቻ ሳይሆን ሃይማኖት ወደ መቀየሩ ይሄዳል። ቤተሰቡ ይህን ስለሚያውቅ የሰነበተውን "ለእንግዳው ስጡት፣ እሱ ይጠጣል" ይላል።

ብርዝም ያው ነው። ማር በውሃ ይበረዝና ጥቂት ሰዓት ይቆያል፤ ሕፃንም ሐጂም ይጠጣዋል። በማግስቱ ግን በራሱ ጊዜ መፍላት ይጀምራል። ስለዚህ ብርዝ ሲቀርብ የሚጠየቀው "ማሩ የየት ነው?" አይደለም፣ "መቼ ተበረዘ?" ነው። "አሁን" ካሉ ማለት ዛሬ ነው። "ቅድም" ካሉ ትናንት ነው። "ኧረ ግድ የለም ጠጡ" ካሉ ጠጅ ነው።

አሁን ባጃጁ አምስት ተሳፋሪ ይዟል። አምስተኛው ቀሪቦ ቤት የተገኘ ነው፤ ማን እንደሚያውቀው አልተጣራም።

ጠጅ ቤት ሲገባ አሳላፊው "ደረቅ፣ መካከለኛ፣ ለስላሳ?" ይላል። እንግዳው ለስላሳ ሲባል ሚሪንዳ ስለሚታየው ለስላሳ ያዛል። ለስላሳ ጠጅ ማለት ማሩ ገና ተብላልቶ ያላለቀ ማለት ነው፤ ጣፋጭነቱ ኃይሉን ይደብቃል፣ የቀረውን ሥራ ደግሞ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይጨርሰዋል። ደረቁን ያዘዘ ሰው መራራነቱ እየጎተተው ቀስ ይላል። ለስላሳውን ያዘዘ በሦስተኛው በርሌ ላይ ራሱ ንጹሕ ሆኖ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ሲነሳ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ አይነሳም።

የጠጅ ልኩ ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውሃ ነው፣ ደረቅ ለሚወድ አራት። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ ይህን የዘለለ ሰው ጠጁ ሲሻግት ጎረቤት "ዓይን ነው" ይለዋል እንጂ ሥራው ነው። ብርዙ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ላዩ ላይ የተንሳፈፈው ሰፈፍ ይገፈፋል፣ ጌሾው ይገባል፣ ከዚያ እንደ አየሩ ሙቀት ከሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት። ይህ ሁሉ ማር ላለው ነው። ማር ሲወደድ ስኳርና ቢጫ ቀለም ሥራውን ይረከባሉ። እንግዳው ደግሞ በርሌውን ወደ መብራቱ አንስቶ "እንዴት ያለ ቢጫ ነው! ይኼ ነው ንጹሕ ጠጅ" ይላል። ከጅማ ጫካ ከሚወጣው ማር ውስጥ የተከበረው የገተማ አበባ ማር ነጭ ነው፤ ከነጭ ማር የሚጣለው ጠጅ እንደ አስኳል አይበራም። ስለዚህ ዓይንን ትቶ አፍንጫን ማመን ነው፦ ባዶውን በርሌ አሽትቱ፤ ማር ከነበረ ሽታው ይቀራል፣ ስኳር ከነበረ ምንም የለም። ይህን ምክር ለእንግዳው መስጠት ግን አይገባም፤ አፍንጫውን በርሌ ውስጥ ከትቶ ያየው ጠጪ ሁሉ መጥቶ ሊያነሳው ይነሳል።

በርሌ አያያዝም አለው። አንገቱ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዛል፤ የእጅ ሙቀት ጠጁን እንዳያግለው ሆዱን አለማቀፍ ነው። እስከ ግማሹ ድረስ በልክ ይወርዳል። ሊያልቅ ሲል ግን አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አየርና ጠጅ በአንድ በር ይጋፋሉ፤ በርሌው በጣም ሲቀና ሆዱ ውስጥ የቀረው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። የሸሚዙን ደረት አይቶ ማን የጅማ፣ ማን የቦሌ እንደሆነ መለየት ይቻላል።

ቡናው ሲደርስ 2 ሰዓት ተኩል አልፏል። መቀመጫው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው የጅማ በርጩማ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ቢጎረብጥም አይወዛወዝም፤ አራት እግር ወንበር ሥር ካርቶን እንደሚወሸቀው እዚህ አያስፈልግም። ነገር ግን ሦስት እግር ያለው በርጩማ በሁለት እግር መካከል ለተደገፈ ሰው አይምርም። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሽማግሌ ሙሉ ቀን ይውልበታል፤ ለስላሳ ጠጅ የጠጣ ሰው ወደ ኋላ ለመሳቅ ሲሞክር ሰማዩን ያያል።

ቡና ሦስት ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከመቁላት እስከ በረካ አንድ ሰዓት አያንስም፤ "እኔ አንድ ስኒ ብቻ" ያለ ሰው በረካውን ጥሎ ሲነሳ በረከት ጥሎ እንደ ሄደ ይቆጠራል። ጀበናው ከፈላ በኋላ ማቶቱ ላይ ትንሽ ዘንበል ብሎ ማረፍ አለበት፤ የቸኮለ ሰው ከቀዳው የመጀመሪያው ስኒ አተላ ነው፣ የመጀመሪያው ስኒም የእንግዳው ነው። ጤና አዳም ጣል ይደረግበታል።

እዚህ ነው አምስተኛው ሰው የቡና ባለሙያ መሆኑን የሚገልጸው። አንድ ጊዜ ፉት ብሎ "ይኼ 74110 ነው" ይላል። ቁጥሩ እውነተኛ የቡና ዝርያ መለያ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. 1971 ላይ አገር ውስጥ ሲገባ መልኮ ያለው የጅማ ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አወጣ፤ 74 የሚለው እናት ዛፎቹ የተመረጡበትን 1974 (እ.ኤ.አ.) ያመለክታል። ነገር ግን ከገበያ በጣሳ ተሰፍሮ የተገዛ ቡና ውስጥ የስንት ማሳ ፍሬ እንደተቀላቀለ ሻጯም አታውቅም። ባለሙያው ያወቀው ቁጥሩን ነው። ቢሆንም ማንም አይከራከረውም፤ ሲከራከሩት ሌላ ጀበና ይጣዳል።

ሒሳብ። ስድስተኛው ሰው የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው፤ ከመንገድ አይቶ ሰላም ሊል ገብቶ ነው። እንግዳው ቦርሳውን ያወጣል፣ አስጎብኚው እጁን ይይዛል፣ አምስተኛው "በሞቴ" ይላል፣ ሌላው "አፈር ስሆን" ይላል። አስተናጋጇን "አዴ፣ ከእሱ እንዳትቀበዪ!" የሚል ሰው የራሱን ኪስ አይነካም፤ ይህ የታወቀ ስልት ነው። ሁለት ሰው ሲታገል ብር ይቀደዳል፣ የተቀደደውን ደግሞ ማንም አይቀበልም። የሚከፍለው ቀደም ብሎ "መጣሁ" ብሎ ወጥቶ ባንኮኒው ጋ የጨረሰው ነው፤ አባ ጅፋርም ያሸነፉት ቀድመው ነው። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው ስድስተኛው፣ ማለትም ምንም ያልጠጣው ነው። እሱን ለማካካስ ሁሉም አንድ ቦታ ደግሞ መሄድ አለባቸው።

ባለባጃጁ ውጭ ቆሞ የኮንትራቱን ሒሳብ እንደ አዲስ ይደምራል፤ በሰዓት፣ በዳገት፣ በዝናብ፣ በሰው። እንግዳው ሆቴል መያዙን ያስታውሳል። "ሆቴል? እኛ ሞተናል እንዴ?" ይባላል። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ፣ ሻንጣው ክፍሉ ውስጥ፣ እሱ ራሱ ስሙን ገና ያልያዘው ሰው ቤት ፍራሽ ላይ ያድራል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የቡና ሽታ ይቀሰቅሰዋል፤ ከራስጌው አጠገብ በርጩማ ላይ ትናንት ማታ የተረፈ ቀሪቦ በጆግ ተቀምጧል።