ወገኖቼ፣ አዲስ ገቢ ተማሪዎቻችንን ሳናውቅ አንፍረድባቸው

ወገኖቼ፣ ይበቃናል። አዲስ ተማሪዎች ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ በገቡ ቁጥር ያንኑ ወቀሳ መደርደር ልማድ አድርገነዋል። «የዘንድሮዎቹ አይረቡም።» «ማንበብ አይወዱም፣ ስልክ ላይ ተጥደው ይውላሉ።» «መምህር አያከብሩም።» «ሐሳባቸው ሁሉ ገንዘብ ነው።» አምና ስለገቡትም ይህንኑ ብለናል። ካቻምናም ብለናል። እኛ ራሳችን ስንገባ ከእኛ የቀደሙት ስለ እኛ ብለውታል። ወቀሳው ሳይለወጥ ተወቃሹ ብቻ ከተለዋወጠ፣ ጉድለቱ ወቃሹ ዘንድ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነበረብን።

የምናገረው ለእናንተ ነው። ልጅ ለላካችሁ ወላጆች፣ ክፍል ውስጥ ለምትቀበሏቸው መምህራን፣ በሬጅስትራር መስኮት ለምታስተናግዷቸው ሠራተኞች፣ አንድ ሁለት ዓመት ለቀደማችኋቸው ሲኒየሮች። በእነዚህ ልጆች ላይ የምታዩት ጠባይ አብዛኛው ከእኛው የተማሩት ነው። የቀረው ደግሞ ፍርሃት ነው። እኛ ግን ፍርሃቱን ንቀት፣ ግራ መጋባቱን ስንፍና ብለን ስም አውጥተንለት፣ ባወጣነው ስም እንቀጣቸዋለን።

ከገንዘቡ ልጀምር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አዲስ ገቢ የኮሌጅ ተማሪዎች በየዓመቱ መጠይቅ ሲሞሉ ኖረዋል። ያስጀመረው አሌክሳንደር አስቲን የተባለ ተመራማሪ ነው። መጠይቁ በሕይወታችሁ ትልቅ ቦታ የምትሰጡት ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ትርጉም ያለው የሕይወት ፍልስፍና ማዳበርን እጅግ አስፈላጊ ብለውት ነበር። በገንዘብ በደንብ መደላደልን እንዲያ ያሉት ከግማሽ በታች ነበሩ። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነገሩ ተገለበጠ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገንዘቡን ትልቅ ቦታ የሰጡት ከ70 በመቶ አለፉ። ፍልስፍናው ወደ 40 በመቶ ገደማ ወረደ።

ይህን ቁጥር ይዞ «አያችሁ፣ ልጆቹ ተበላሹ» ማለት ይቀላል። ግን ልብ በሉ። መጠይቁ የሚሞላው በመግቢያው ሰሞን ነው። ተማሪው ገና አንድ ኮርስ እንኳ አልጨረሰም። ስለዚህ የሚሰጠው መልስ ከቤት፣ ከሠፈር፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ነው። «ታሪክ ማጥናት እፈልጋለሁ» ሲለን «እሱ ደግሞ ምን ያበላል?» ያልነው እኛ ነን። የትምህርት ወጪ ሲከብድ፣ ሥራ ሲጠብ ያየው እኛ ባቆየንለት ዓለም ነው። ስለ ማንኛውም ሙያ ሲወራ መጀመሪያ «ስንት ይከፈልበታል?» ሲባል እየሰማ አደገ። ችግርን በቅርብ ያየ ልጅ ኑሮዬን ላሻሽል ማለቱ ደግሞ በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ ያስተማርነውን መልሶ ሲነግረን መቆጣታችን ነው።

ወደ ክፍሉ እንግባ። መምህራን፣ ጥያቄ ትጠይቃላችሁ፤ ክፍሉ ጭጭ ይላል። አንገቱን የደፋው ሁሉ ያላነበበ ወይም ደንታ የሌለው ይመስላችኋል። ዊልያም ፔሪ የተባለ ሰው ሃርቫርድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ተማሪዎችን በየትምህርት ዓመቱ መጨረሻ እያስቀመጠ ያነጋግር ነበር። ያንኑ ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት እስከ ምረቃው ተከታትሎ ያዳምጠዋል። የደረሰበትን በ1970 አሳተመ። ሲገቡ ብዙዎቹ ዕውቀትን የሚያዩት ትክክልና ስህተት ብለው ለሁለት ከፍለው እንደሆነ አስተዋለ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መልስ አለው። መልሱ መምህሩ ጋ ነው። የተማሪ ሥራ ተቀብሎ መያዝ ነው።

እንዲህ የሚያስብ ልጅ ፊት ቆማችሁ «በዚህ ጉዳይ ምሁራን አይስማሙም፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብትሉት ምን ይሰማዋል? ወይ መልሱን እያወቃችሁ የደበቃችሁት ይመስለዋል፣ ወይ እናንተም አታውቁትም ብሎ ይደመድማል። በሁለቱም መንገድ ዝም ማለት ያዋጣዋል። ማስረጃ መዝኖ «እኔ ይህን እይዛለሁ፣ ምክንያቴም ይህ ነው» እስኪል ድረስ ዓመታት ይፈጃል። ሁሉም እዚያ ይደርሳል ማለትም አይደለም።

እስቲ ከየት እንደመጣ አስቡ። ለዓመታት ከሀ እስከ መ ካሉት አንዱን ሲያከብብ ኖሯል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን እየተረትንለት፣ አፉን ሲከፍት ደግሞ «ዝም ብለህ ስማ» ስንለው አሳድገነዋል። ያ ልጅ በአንድ ክረምት ተለውጦ ተከራካሪ ሆኖ አይመጣም። ስለዚህ በዝምታው ከመናደድ ዝምታውን የሚሰብር ነገር አድርጉ። ጥያቄውን ጣሉና ሁለት ደቂቃ በወረቀት እንዲጽፉ ስጧቸው። ከዚያ አጠገባቸው ካለው ጋር ይነጋገሩበት። ከዚያ እጅ እንዲያወጡ ጠይቁ። የተሳሳተ መልስ የሰጠውን ተማሪ በመላው ክፍል ፊት ማሳፈርን ግን አቁሙ። አንዱን ስታሳፍሩ የቀሩት ሃምሳዎቹ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አፋቸውን ይዘጋሉ።

«አያጠኑም» የሚለውም ክስ ግማሹ ሐሰት ነው። ብዙዎቹ ያጠናሉ። ሌሊቱን ሙሉ ላይብረሪ የሚያድሩ አሉ። ችግሩ የሚያጠኑበት መንገድ ነው። ሃንዳውቱን ደጋግመው ያነባሉ፣ በቀለም ያሰምሩበታል፣ ገጹ ሲለመዳቸው የገባቸው ይመስላቸዋል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት ይህን ጉዳይ በደንብ ያሳያል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ። ሌላው ወረቀቱን ዘግቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ወረቀቱን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። በደንብ እናስታውሳለን ብለው የተማመኑት ደግሞ ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ።

ይህን ለአዲሱ ተማሪ ማን ነገረው? ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፈተናው ነገ ከሆነ ዛሬ ማታ አንብቦ ያልፍ ነበር። ያ መንገድ ጎበዝ አስብሎታል፣ አሸልሞታል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የወራት ትምህርት በአንድ ፈተና ሲመጣበት መንገዱ ይከዳዋል። በመጀመሪያው ሚድ፣ ማለትም በሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና፣ ይወድቃል። ሌላ የአጠናን መንገድ እንዳለ ስለማያውቅ «ለካ ጭንቅላት የለኝም» ይላል። እኛ ደግሞ ከላይ «ሰነፍ» እንጨምርበታለን።

ስለ እንቅልፋቸውም አንድ ነገር ልበል። በጉርምስና ዘመን የሰውነት የእንቅልፍ ሰዓት ወደ ሌሊቱ ይገፋል፤ ይህ እስከ 20 ዓመት ዕድሜ ገደማ ይቀጥላል። ጠዋት መነሳት የሚከብደው ልጅ ሁሉ ዋልጌ ነው ማለት አይደለም። ስልኩ ነገሩን አያባብሰውም አልልም፤ ያባብሰዋል።

አሁን ከሁሉም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። አዲሱ ተማሪ የማይናገረው አንድ ነገር አለ። «እዚህ ቦታ የምገባ ሰው አይደለሁም» የሚል ስሜት ነው። ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ፣ ሁሉም ከየክፍሉ አንደኛ ሲወጣ የኖረበት ቦታ ይገባል። ዙሪያውን ሲያይ ሌሎቹ ሲስቁ፣ ጓደኛ ሲይዙ፣ ሲመልሱ ያያል። የሌላውን ፊት እንጂ ሆዱን አያይም። ስለዚህ የጨነቀው እሱ ብቻ ይመስለዋል። ያንኑ ሰዓት የዶርም ጓደኛው አልጋው ላይ ተኝቶ ስለ እሱ ይህንኑ ያስባል። ሁለቱም ዝም ይላሉ። አንዱ ዝምታውን በጉራ ይሸፍነዋል፤ እኛ ጥጋበኛ እንለዋለን። ሌላው ከክፍል ይቀራል፤ ግዴለሽ እንለዋለን። ሦስተኛው ጠጪ ጓደኞች መሃል ይገባል፣ ሳይወደው ይጠጣል። ፕሬንቲስና ሚለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት የአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥናት ይህን ያሳያል። ተማሪዎቹ በግቢው መጠጥ እነሱ ራሳቸው ብዙም አይመቻቸውም። ሌላው ሁሉ ግን የተመቸው ይመስላቸው ነበር።

ይህን ስሜት ማቅለል ይቻላል። ዋልተንና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ነገር ሞከሩ። አዲስ ተማሪዎች የሲኒየሮችን ቃል አነበቡ። ቃሉ «መጀመሪያ ላይ እኛም ባይተዋርነት ተሰምቶን ነበር፣ እያደር ቀለለን» የሚል ነበር። ከዚያ የራሳቸውን ልምድ ጽፈው ለሚቀጥሉት ተማሪዎች እንዲናገሩ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት የጥቁር ተማሪዎች ውጤት ተሻሻለ። በእነሱና በነጭ ተማሪዎች መካከል የነበረው የውጤት ልዩነት በግማሽ ጠበበ። ሙከራው በኋላ በ22 ተቋማት፣ ከ26 ሺህ በላይ ተማሪዎች ላይ ተደገመ። ይኼኛው ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረ። መልካሙ ቃል የሠራው፣ ተቋሙ ልጆቹ እውነትም የሚገቡበት ቦታ በሰጣቸው ዘንድ ነው። በር ዘግቶ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለት ዋጋ የለውም።

ሲኒየሮች፣ ይህን ስሙ። አዲስ ገቢን ማሳቀቅ፣ የተሳሳተ ክፍል መምራት፣ «ፍሬሽ!» እያሉ መሳቅ ለእናንተ ጨዋታ ነው። ለእሱ ግን «አትገባም» ሲል ለነበረው ድምፅ ምስክር ሆናችሁ ማለት ነው። ከማንም በላይ የእናንተ ቃል ይሰማል፤ ከመምህሩም፣ ከወላጁም በላይ። በመጀመሪያው ሚድ የወደቃችሁ ካላችሁ ንገሯቸው።

ወላጆች፣ እናንተም አለባችሁ። ልጃችሁ በሄደ በሁለተኛው ሳምንት ደውላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? ውጤት ከሆነ፣ ልጁ የሚነግራችሁን መርጦ እንዲነግራችሁ አሠልጥናችሁታል። የወደቀበትን ይደብቃል። እናንተ የምትሰሙት ከግቢ ሊባረር ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ «ለምን አልነገርከንም?» ማለት ፍትሕ አይሆንም። የሠፈሩን ልጅ ስም እየጠራችሁ «እሷ እኮ ኤ አመጣች» ማለቱንም ተዉት። ያ ንግግር ማንንም ሲያስጠና አላየሁም።

እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ በሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዓመፁ። ዘመኑ የቬትናም ጦርነት ነበር። አስተዳደር ሕንፃው ተወረረ፤ ፕሬዚዳንቱ ቶማስ ጆንስ ቢሯቸው ውስጥ መውጫ አጡ። ከዚያ በኋላ ቅጣት ብቻ ቢያወሩ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን ተማሪዎቹ እዚህ ቁጣ ላይ እንዴት እንደደረሱ፣ ዩኒቨርሲቲውስ ምን እንዳጎደለባቸው ጠየቁ። በ1972 ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አዲስ ኮርስ ተጀመረ። ስሙ ዩኒቨርሲቲ 101 ነው። የኮርሱ ዓላማ በተማሪና በተቋሙ መካከል መተማመን መፍጠር ነበር። ከሁሉ የምወደው መምህራኑም አብረው መሠልጠናቸውን ነው። አዲስ ተማሪን እንዴት እንደሚረዱት ተማሩ። ኮርሱ ዛሬም አለ፤ በብዙ ተቋማትም አርአያ ሆኗል።

እኛ ቢሯችን እስኪወረር መጠበቅ አለብን?

አንድ ነገር አትሳቱ። ልጆቹን መረዳት ማለት ሁሉን መተው ማለት አይደለም። የኮረጀ ይጠየቅ። ሥራውን ያላስረከበ ነጥቡን ይጣ። ወጣት ማንም የማይጠብቅበት ከሆነ ያንን ራሱን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል፤ ልክም ነው። የምለው፣ ከፍ ያለውን ነገር ጠይቋቸው፣ ግን መንገዱን አሳዩ ነው። «ይህ ጽሑፍ ደካማ ነው» ብቻ ብሎ መመለስ ለአዲስ ተማሪ ምንም አይነግረውም። የቱ ጋ እንደደከመ፣ እንዴት እንደሚጠነክር ጻፉለት። ይህ ጊዜ ይወስዳል። አውቃለሁ፣ ክፍሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ደመወዙም አያነቃቃም። ቢያንስ አንዱን የመጀመሪያ ሥራ እንዲህ አርሙላቸው።

እናንተ የሬጅስትራር ሠራተኞች፣ «ማስታወቂያው ላይ ተለጥፏል» ብላችሁ መስኮት አትዝጉ። ልጁ ማስታወቂያው የት እንደሚለጠፍ አያውቅም። አድና ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መተው) ምን እንደሆነ የሚነግረው ወንድም ወይም እህት የሌለው ብዙ አለ፤ ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የረገጠ እሱ የመጀመሪያው ነውና።

መምህራን ደግሞ የመጀመሪያው ሚድ ሳይደርስ አንድ ቁራጭ ወረቀት ስጧቸው። ስም አይጻፍበት። የከበዳቸውን ነገርና ሊጠይቁ ፈልገው ያልጠየቁትን ይጻፉበት። ሰብስባችሁ አንብቡት። በሚቀጥለው ክፍል ገብታችሁ ትምህርቱን ከመጀመራችሁ በፊት መልሱላቸው።