አማልክቱን በኋላ!

እባካችሁ ዓለም ፈጣሪዎች፣ እዘኑልን! እዚህ ደብረ ማርቆስ ሮልፕሌይ፣ ማለትም በምናብ ዓለም ውስጥ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ የምንጫወት ጥቂት ልጆች ነን፤ "የፈጠርኩትን የፋንታሲ ዓለም አንብቡልኝ" የሚለን ግን በዛ። ደስ ብሎኝ እከፍተዋለሁ። መጀመሪያ ምን ይመጣል? የአማልክት የዘር ሐረግ። ከዚያ የሺህ ዓመት ጦርነት፣ ከዚያ ለአፍ የማይመቹ የነገሥታት ስሞች። እኔ በጨዋታው ማን እንደምሆን፣ ዛሬ ማታ ምን እንደሚገጥመኝ የት አለ? ገጽ በገጽ ብወርድ የለም። ዳይሱ እጄ ላይ ሞቀ እኮ!

አንዱ ብቻ አንጀቴን አራሰው። የእሱ እንዲህ ይጀምራል፦ "ጣናን በደንገል ታንኳ ልትሻገሩ ነው። ቀዛፊው ብር አይቀበልም፤ የአንዳችሁን ስም ነው የሚፈልገው። ማን ይሰጣል?" በቃ! ተከራክረን ልንሞት። የሐይቁንም ታሪክ ራሳችን ለምነን አስነገርነው።

ደግሞ የፈረንጅ ግንብና በረዶ ምን አመጣው? የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ፣ ረጅሙ ተክል ጅብራው በውርጭ ውስጥ እንደ ዘብ ተደርድሮ፣ ግሽ ዓባይ ሰከላ ላይ እየፈለቀ፣ ዘንዶው ሁሌ ከባሕር ማዶ ይመጣል። የቅኔ አገር ልጅ ለበር ጠባቂው አንድ ሰምና ወርቅ ያለው እንቆቅልሽ መስጠት አቅቶት "ኃያሉ የጨለማ ጌታ" ይለኛል። ወይ ጉድ!

ካርታውን አልነካም፤ ካርታው ያምራል። ግን መጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ችግር አስቀምጡልኝ። አማልክቱን በኋላ፣ እሱም ከጠየቅኩ።