በገዛ ቤቱ ቱሪስት የሆነ አባት

ከተጋባን በኋላ በወጣንበት የመጀመሪያ ጉዞ ሁለታችንም ሁሉንም ነገር እናውቅ ነበር። አውቶቡሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ፓስፖርቶቹ የትኛው ቦርሳ ውስጥ እንዳሉ፣ የቀረን ገንዘብ ስንት ሌሊት እንደሚያሳድረን። እሷ ስትደክም መንገዱን እኔ እይዛለሁ። እኔን ሲሰለቸኝ እሷ ትመራለች። አንድ ቀን የመጨረሻው አውቶቡስ አመለጠንና ጣቢያው ውስጥ ወንበር ላይ አደርን። በተራ ነው የተኛነው። አንዳችን ስንተኛ ሌላችን ሻንጣ እንጠብቃለን። ማን ስንት ሰዓት ተኛ ብሎ የቆጠረ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ልጃችን ተወለደች።

ሦስተኛ ሳምንቷ ላይ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ባለቤቴ አጥብታ ጨርሳ ገና እንቅልፍ ይዟታል። ልጅቷ ልብሷን አርጥባ ማልቀስ ጀመረች። ባለቤቴን ላሳርፋት ብዬ ተነሳሁ። በስልኬ መብራት አንዱን መሳቢያ ከፈትኩ፤ ፎጣ ነው። ሌላውን ከፈትኩ፤ አንሶላ ነው። ለቅሶው እየባሰ ሄደ። ቢቸግረኝ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቀሰቀስኳት። «የልጅቷ ልብስ የት ነው ያለው?»

ዓይኗን ሳትገልጥ «ከታች፣ ሦስተኛው መሳቢያ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አንተም እኮ እዚሁ ቤት ነው የምትኖረው» አለች።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልብሱን አገኘሁት፣ ልጅቷን ቀየርኳት፣ ተኛች። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማናውቀው አገር አብረን መንገድ የፈለግን ሰዎች ነን። በገዛ ቤታችን ግን እሷ አስጎብኚ፣ እኔ ቱሪስት ሆነን ነበር።

ቱሪስት ክፉ ሰው አይደለም። ይወዳል፣ ያደንቃል፣ ፎቶ ያነሳል። ሲጠሩት ይመጣል። ግን የሚያስፈልገውን ነገር የሚያውቅለት ሌላ ሰው ነው። ሲቸግረው ይጠይቃል፣ ይነገረዋል፣ ይረሳዋል። ብዙ አዳዲስ አባቶች ልጃቸውን ከልብ እየወደዱ እንዲህ ሲሆኑ አያለሁ። ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

ልጅ ሲመጣ ትዳር እንደሚናጥ ከድሮም ይታወቃል። ኢ. ኢ. ሌማስተርስ የተባለ አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጥናት የመጀመሪያ ልጃቸውን ያገኙ 46 ባልና ሚስቶችን አነጋግሮ ነበር። 38ቱ የልጁ መምጣት ትዳራቸውን ከባድ ቀውስ ውስጥ እንደከተተው ነገሩት። ከእሱ በኋላ የመጡ ጥናቶች ችግሩ ያን ያህል የከፋ ሆኖ አላገኙትም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ከ38ቱ አብዛኞቹ ልጁን ፈልገው የወለዱ፣ ትዳራቸውም ጥሩ የነበረ ሰዎች ናቸው። ፍቅር አልጎደላቸውም። ዝግጅት ነው የጎደላቸው። ሌማስተርስም ወላጅነትን እንደ ተረት ውብ አድርገው ጠብቀውት ነበር ይላል።

እኛም እንደዚያው ነበርን። ለአሥር ቀን ጉዞ ወር ሙሉ ተዘጋጅተናል፤ የምናድርበትን ቤት ፎቶ እያገላበጥን አምሽተናል። ለልጁ ግን የተዘጋጀነው ዕቃ በመግዛት ነው። ሌሊቱን ማን እንዴት ይይዘዋል የሚለውን አንድ ቀን ቁጭ ብለን አልተነጋገርንበትም።

ሌሊቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። አዲስ የተወለደ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። አንዱ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ እንኳ ለማጥባት ብቻ በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይሄዳል። ሕፃን ብዙ ይተኛል ሲባል እውነት ነው። የሚተኛው ግን ቀንና ሌሊት ሳይለይ፣ እየተቆራረጠ ነው። ለቅሶውም ከሳምንት ሳምንት ይጨምርና ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ጣራ ይነካል፤ ከዚያ ነው መቀነስ የሚጀምረው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር አምስተኛው ሳምንት ላይ «ምን አጥፍተን ነው?» እያልኩ አልብሰለሰልም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ ይሰጥ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ አባት «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ጡት የለኝ» ይላል። እኔም ብያለሁ። ግን ማጥባት መሃሉ ነው። ከእሱ በፊት መነሳት አለ፣ ሽንት ጨርቅ መቀየር አለ፣ ልጅቷን አምጥቶ እናቷ እቅፍ ውስጥ ማኖር አለ። ከእሱ በኋላ ትከሻ ላይ አድርጎ ማስገሳት አለ፣ በጀርባዋ አስተኝቶ እስክትረጋጋ አጠገቧ መቆየት አለ። እናት ማድረግ ያለባት መሃሉን ብቻ ከሆነ ሌሊቱ ሌላ ሌሊት ይሆናል።

አባት ከቤቱ የሚወጣበት አንዱ በር ሥራ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባጸደቀው ስምምነት ለወለደች ሠራተኛ ቢያንስ 14 ሳምንት ፈቃድ ይሰጥ ይላል። ለአባት ግን የወሰነው ቀን የለም። ስለዚህ በብዙ ቦታ አባት ቶሎ ወደ ሥራ ይመለሳል። እናት ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር ስትውል ትለምዳለች፤ ለቅሶውን ትለያለች፣ ልብሱ የት እንደታጠፈ ታውቃለች። እሱ ማታ ሲገባ ሁሉ ነገር በእሷ መንገድ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ማንም ክፉ ሳያስብ እሷ ባለሙያ፣ እሱ እንግዳ ይሆናሉ። ኖርዌይ ይህን ገብቷታል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከወላጆች ፈቃድ ላይ አራት ሳምንቱን ለአባት ብቻ አደረገችው። አባት ካልወሰደው ይቃጠላል። ከዚያ በፊት ፈቃድ የሚወስድ አባት ጥቂት ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው መውሰድ ጀመረ። አባቶቹ በአንድ ጊዜ ልጅ ወዳድ ሆነው አይመስለኝም። ቦታ ተሰጣቸውና ገቡበት።

ሕግ እስኪመጣ ግን ልጁ አይጠብቅም። ከዚያች ሌሊት በኋላ በነበረው ቅዳሜ ልጅቷ ስትተኛ ባለቤቴን ሁሉንም ንገሪኝ አልኳት። ልክ ለጉዞ ሻንጣ እንደምናዘጋጅ ወለሉ ላይ ቁጭ አልን። የክትባት ካርዱን አወጣን። ቀጣዩን ቀጠሮ እኔም ስልኬ ላይ ያዝኩት። መሳቢያዎቹን አብረን ደረደርናቸው። የገረመኝ እሷ ጭንቅላት ውስጥ የነበረው ነገር ብዛት ነው። ሽንት ጨርቁ ስንት እንደቀረ፣ የትኛው ልብስ እንደጠበባት፣ ሽፍታዋ መቼ እንደጀመረ። ይህን ሁሉ ተሸክማ ነበር እኔ «ከደከመሽ ንገሪኝ፣ አግዝሻለሁ» የምላት። ያን «አግዝሻለሁ» የሚል ቃል ያኔ ተውኩት። የሚያግዝ ሰው ሥራው የሌላ ሰው ነው።

ባለቤቴም ከእሷ በኩል ያለውን አልደበቀችም። ልጅቷን ሳለብስ አጠገቤ ቆማ ታየኝ ነበር። ትንሽ ከተጓተትኩ «ተወው፣ እኔ ላድርገው» ትላለች። ይህች ቃል ከድካም ነው የምትወጣው፣ ይገባኛል። አሥር ጊዜ ስትባል ግን እጅ ትሰበስባለች። ስለዚህ እኔ ስይዝ እሷ ሌላ ክፍል እንድትሆን ተስማማን። የልብሷን ቁልፍ አዛንፌ ብቆልፈውም ልጅቷ ምንም አትሆንም።

ከሁሉም በላይ ግን ባለቤቴን ራሷን የማየት ነገር አለ። ብዙ እናቶች በወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ፣ ሆድ ይብሳቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከሁለት ሳምንት በኋላም ከቀጠለ፣ ወይም ልጁን ማየት እስኪያስጠላት ከከፋ፣ ወይም ልጁ ተኝቶም እሷ እንቅልፍ ካጣች፣ ያ ድባቴ የሚባል ሕመም ነው፤ ሕክምና አለው። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ደግሞ አንድ ቀን ማደር የለበትም፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ነው። ድባቴው አባትንም ይይዛል፤ ወንዶች ዝም ስለሚሉ ነው የማይታየው። ይህን ቀድሞ ማየት የሚችለው አጠገብ ያለ ሰው ነው። ቱሪስት ግን አያየውም። ፎቶው ላይ ሁሉም ፈገግ ብለዋል።

ለመውለድ የተቃረባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ለዕቃ ብቻ አታውሏቸው። ለጉዞ እንዳደረጋችሁት አንድ ምሽት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከእኩለ ሌሊት በፊት ማን፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማን? ሐኪም ጋ ማን ይደውላል? እንግዳ ሲበዛ «ዛሬ ይቅርብን» የሚለው ማነው? ልጁ ሲመጣ ዕቅዱ መፍረሱ አይቀርም፤ የእኛም የዚያ ቅዳሜ ዕቅድ በሁለተኛው ቀን ፈርሷል። ሲፈርስ ግን ሁለታችንም አወቅነው፣ ሁለታችንም ጠገንነው።

ልጅቷ አምስት ወር ሲሆናት አተኮሳት። ባለቤቴ አልነበረችም። አቅፌያት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ነርሷ ካርዱን ተቀበለችኝና ከኋላዬ ወደ በሩ ተመለከተች። «እናትየው የለችም?» አለች። የለችም አልኳት። ከዚያ ትኩሳቱ ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እንደጀመረ፣ መጨረሻ ላይ የጠባችው መቼ እንደሆነ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሽንት ጨርቅ እንደቀየርኩ፣ ያለፈውን ክትባት በየትኛው ጭኗ እንደተወጋች ነገርኳት። ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሳችና መጻፍ ጀመረች።