ሁለት ቢራ ብቻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የጤና ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሁለት ወር ያህል ሰው ቤት ስገባ ስወጣ ከርሜያለሁ። ባጅ አንጠልጥዬ፣ ታብሌት ታቅፌ፣ የብርጭቆ ሥዕል ያለበት ካርድ ኪሴ ሸጉጬ። በዚያ ሁለት ወር የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ሕዝባችን ፎርም ላይ ሲሰፍር ምን ያህል ጨዋ እንደሆነ ነው።

አንዱን ቤት ልንገራችሁ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ተከናንበው መደብ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ አሁን ስለ መጠጥ ልጠይቅዎ ነው።»

«ጠይቅ ልጄ።»

«ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ አልኮል ጠጥተዋል?»

«ኧረ በስመ አብ! በዚህ ዕድሜዬ?»

ከጓዳ ሳል ተሰማ። የባለቤታቸው ሳል ነው። የጉንፋን አይመስልም።

እኔ ምን ቸገረኝ፣ «አልጠጡም» የሚለውን ነካሁ። ታብሌቱም ደስ ብሎት የመጠጡን ጥያቄ በሙሉ ዘሎ አትክልትና ፍራፍሬ ውስጥ ገባ። በሳምንት ስንት ቀን ፍራፍሬ ይበላሉ ብዬ ሳልጨርስ አዛውንቱ ወደ ጓዳ ተጣሩ። «አንቺ! ይሄ ልጅ ጉሮሮው ደርቆ የለም እንዴ? እስቲ ጠላ አምጭለት!»

ጠላው መጣ። ለእኔ አንድ ጣሳ፣ ለእሳቸው አንድ ጣሳ። የእሳቸው አለቀ፣ ተሞላ። እንደገና አለቀ፣ እንደገና ተሞላ። ታብሌቱ ላይ ግን ንጹሕ ናቸው።

«አባባ፣ ይሄስ?» አልኳቸው ጣሳውን እያሳየሁ።

«የቱ?»

«ጠላው።»

«አልኮል ነው እኮ ያልከኝ! ይሄማ እህል ነው።»

«የትናንቱንም እህል ይንገሩት እንጂ» አሉ ባለቤታቸው፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ።

አዛውንቱ ዋሽተውኛል አልልም። አልኮል ማለት ለእሳቸው ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ክንዳቸው ላይ የምትቀባው ነገር ነው። ያንን ደግሞ በእርግጥ አልጠጡም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥያቄው ላይ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ እያልኩ ዘርዝሬ እንዳነብ ታዝዣለሁ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ዘለልኩት። ከጠላው በኋላ ተመልሼ አስተካክያለሁ፤ ግን ስንት ጠላ የማያመጣ ቤት እንደዘለልኩ እግዜር ይወቀው።

ደግሞ ጠጡ የተባለውም ሁሉ አይቆጠርም። ዝክር ላይ የተጠጣ የቅዱስ ሚካኤል ነው። ለቅሶ ቤት የተጠጣ ለሟች ነው። ሰው ጋብዞ ያጠጣው የጋባዡ ነው። ሐኪም ያልከለከለው መድኃኒት ነው፣ ሐኪም የከለከለው «ትቼዋለሁ» ነው። ይሄ ሁሉ ተቀንሶ የሚተርፈው ነው ለጥናቱ የሚደርሰው።

ሲጋራው ይብሳል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ወጣት ያጨሳል ወይ ብዬው፣ «አላጨስም፣ ጫት ላይ ብቻ ነው» አለኝ። ጫት በሳምንት ስንት ቀን ይቅማል? «በየቀኑ።» ሌላው ደግሞ ፓኬት ገዝቶ አያውቅም። በፍሬ ነው የሚገዛው። አጫሽ የሚባለው ፓኬት የሚገዛው ነው፣ እሱ ፍሬ ብቻ። ከጠዋት እስከ ማታ ስንት ፍሬ እንደሆነ የሚያውቀው ማስቲካና ሶፍት የሚያዞረው ልጅ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አይጠይቀውም። ቁጥር የሚናገሩትም ቢሆኑ የሚወዱት ቁጥር አላቸው፤ አምስት፣ አሥር፣ ሃያ። በቀን 13 ሲጋራ አጨሳለሁ ያለኝ ሰው አንድም የለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 አገራችን ውስጥ የተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ናቸው ብሏል። ከመቶ አምስት። እኔ ጥናቱን አልከራከርም። ግን አምስቱንም እኛ ሰፈር ፑል ቤት በር ላይ አውቃቸዋለሁ። ከሴቶቹ ደግሞ 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም። እናቷ አጠገቧ ቡና እየቆላች፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ «አዎ አጨሳለሁ» የምትል ልጅ ካለች ጀግና ናት። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በአፍ የጠየቋቸውን ሰዎች ሽንትም መርምረው ነበር። ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ ኮቲኒን የሚባል ነገር ይተዋል፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ለቀናት ቆይቶ ይናገራል። የወንዶቹ ቁጥር ትንሽ ነው ከፍ ያለው። የሴቶቹ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ነውሩ የበዛበት ቦታ አፍና ሽንት አይስማሙም።

ወደ ብርጭቆው ካርድ ልመለስ። አንድ መደበኛ መጠን ማለት 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው ተብለን ሠልጥነናል። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ 13 ግራም ገደማ ይዟል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ጠላ ላይ ስትደርስ ግን ካርዱ እጅ ይሰጣል። የአንዷ ጠላ ውኃ ነው፣ የጎረቤቷ አንድ ጣሳ ያስዘፍናል። ጠጁን በብርሌ ቆጠርክ እንበል፣ ብርሌው ሳያልቅ እየተሞላ እንዴት ይቆጠራል? መጠኑን በስሙ የያዘ አረቄ ብቻ ነው፤ መለኪያ። እሱም ሃይላንድ ውስጥ ተሞልቶ ቤት ከገባ በኋላ መለኪያነቱ ያበቃል።

አሜሪካኖች መላ ፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው አርኪዮሎጂስት ዊልያም ራትጄ ከተማሪዎቹ ጋር የተሰን ነዋሪዎችን ቆሻሻ እየበተነ ይቆጥር ነበር። ሰዎቹ በቃለ መጠይቅ ከተናገሩት ቢራ ይልቅ ቆሻሻቸው ውስጥ የተገኘው በለጠ። እኛ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልገንም፤ ቆራሌው አለን። ጠዋት «ቆራሊዮ!» እያለ ሲያልፍ የየቤቱን ጠርሙስ ጆንያው ያውቀዋል። እንደ እኔ ጥናቱ ለእሱ ሊሰጥ ይገባል፣ አበሉም ጭምር።

ደግሞ ሌላም መንገድ አለ። የተሸጠው መጠጥ በቀረጥ መዝገብ ይታወቃል። በየአገሩ ሕዝቡ ጠጣሁ ያለው ተደምሮ ከተሸጠው ጋር ሲነጻጸር፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ40 እስከ 60 በመቶው ነው። የቀረውን ማን እንደጠጣው አይታወቅም። መሬት አልጠጣችውም።

ይህንን የነገረን አስተባባሪያችን ነው፣ ሥራው ያለቀ ቀን ማታ። አራት ሆነን አንድ ግሮሰሪ ተቀምጠናል። ሁለት ወር የሰው ብርጭቆ ስንቆጥር ከርመን ጉሮሯችን ደርቋል። ሲመሽ ሒሳብ ጠራን። እያንዳንዳችን የጠጣነውን ተናገርን። እኔ ሁለት። አጠገቤ ያለው ሁለት። ሦስተኛውም ሁለት፣ አንዱን እንዲያውም አልጨረስኩትም አለ። አስተባባሪው ሁለት። ስምንት ቢራ።

አስተናጋጇ አልተከራከረችም። ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ባዶ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያነሳች ደረደረቻቸው። አሥራ አራት።

ዝም ተባባልን። አስተባባሪው ስልኩን አውጥቶ አካፈለ። «ስምንት ለአሥራ አራት፣ 57 በመቶ» አለ ፊቱ እየበራ፣ «ከዓለም አንሰን አልተገኘንም እኮ!»

«ጎበዞች» አለች አስተናጋጇ። «አሁን የአሥራ አራቱን ክፈሉ።»